ክረምት መጨረስን እንጂ መጀመርን አይከለክልም

(ደሴ አጠገብ ባለችው ገራዶ ለተሰበሰቡ አድማጮች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)

በዚህ ጭቃ ጃንጥላ ይዞ ስለ ሥዕል፣ ስለ ዜማና ስለ ግጥም ሊሰማ የወጣ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

በሐምሌ ሠዓሊውን «ምን እየሠራህ ነው?» ብትሉት መልሱን ታውቁታላችሁ። «ክረምቱ ይውጣ እንጂ» ይላል። ማሲንቆ መቺው መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሠርግ የሚበዛበትን ወር ይጠብቃል። ገጣሚው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ከመስከረም ወዲያ እጽፋለሁ ይላል። ሁሉም ክረምትን የእንቅልፍ ወራት አድርጎታል።

ገራዶ ላይ ሆኖ ይህን ማለት ግን ያሳፍራል። እዚህ አገር የዓመቱ ዕጣ የሚወሰነው በክረምት ነው። ገበሬው ደግሞ ደጋግሞ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፣ ውኃ የሚተኛበትን ማሳ ቦይ ያወጣለታል። የመኸሩን እህል በሐምሌ ላጭድ አይልም፤ አጨዳ ስለሌለ ግን ሥራ የለም ብሎ አይተኛም። የጥበብ ሰውም ሥራውን እንዲሁ ለሁለት ቢከፍለው መልካም ነው። አንደኛው ማየት፣ መሰብሰብ፣ መሞከርና መድረስ ነው። ሁለተኛው ማድረቅ፣ ማጠናቀቅ፣ ማሳየትና መሸጥ ነው። ክረምት የሚያውከው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውን አይነካውም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ያግዘዋል። ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

ጨለማው ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ወቅቱን በትክክል እንወቀው። በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ከዓመቱ ዝናብ ግማሹ ያህል የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ድረስ ይገባል። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች። ነገር ግን የዓመቱ ብርቱ ብርድ የሚመጣው በክረምት አይደለም። ውርጩ የሚወርደው ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ነው። የክረምት ችግር እርጥበትና ደመና ነው።

ቀኑም አጭር አይደለም። ብዙዎቻችን ክረምት ሲመጣ ቀኑ ያጠረ ይመስለናል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ በደሴ ረጅሙ ቀን የሚውለው በሰኔ ሲሆን ርዝመቱ ከ12 ሰዓት ተኩል ይበልጣል። በታኅሣሥ ግን ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ብርሃን አለ። የሚጠፋብን ቤት ውስጥ ስንቀመጥ ነው። ደመና በሸፈነው ቀን እንኳ ደጅ ያለው ብርሃን በሉክስ ሲለካ ብዙ ሺህ ይደርሳል። ትንሽ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ግን ከጥቂት መቶ አያልፍም። ሠዓሊ ወንበሩን ከክፍሉ ጥግ አንስቶ በረንዳ ላይ ቢያወጣው የሚያገኘው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

የደመና ብርሃን ለሥዕል የተመረጠ ብርሃን ነው። ብርቱ ጥላ አይጥልም፤ ከሰዓት ሰዓትም ቶሎ አይለዋወጥም። የበጋ ፀሐይ ያነጣችው አፈር ሲረጥብ ጠቆር ይላል፣ ቅጠሉ ይደምቃል፣ የቆርቆሮውና የድንጋዩ ቀለም ይለያል። በጥር አንድ ዓይነት ቡናማ የሚመስለው ሜዳ በነሐሴ ስንት ዓይነት አረንጓዴ እንዳለው ቆማችሁ ቁጠሩ።

መስኮትን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ከውጭ የሚመጡ የሥዕል መጻሕፍት የሠዓሊ ክፍል መስኮቱ ወደ ሰሜን ይሁን ይላሉ። ለአውሮፓ ትክክል ነው፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ ዘወትር በደቡብ ነው፤ ከሰሜን የሚገባው ብርሃን የረጋ ነው። ደሴ ግን በ11ኛው ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ጀምሮ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ ከእኛ በስተ ሰሜን ታልፋለች። ስለዚህ በዚያ ወራት ደመናው ገለጥ ሲል ፀሐይዋ በሰሜኑ መስኮት ትገባለች፤ የረጋውን ብርሃን የምታገኙት በደቡቡ ነው። ከመስከረም በኋላ ደግሞ ተገላበጡ። መጽሐፍ ካስተማረን ይልቅ ሰማያችንን ብናይ ይሻላል።

ቁሳቁሱ ሲያስቸግር

«ሥራ አልሄደልኝም» ከሚለው ቅሬታ ብዙው የሚመነጨው ከመንፈስ መድከም ሳይሆን ከእርጥበት ነው። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ውኃ ተንኖለት ሳይሆን ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሲጠነክር ነው። ይህ ሂደት በብርድ፣ በእርጥበትና በጨለማ ይዘገያል። ከቀለሞቹም ጠባያቸው ይለያያል። አምበር የሚባለው ቡናማ የአፈር ቀለም ማንጋኒዝ ስላለው ቶሎ ይደርቃል። ከአጥንት የሚሠራው ጥቁርና ቲታኒየም ነጭ ግን ቀናትን ይወስዳሉ። ስለዚህ የክረምት ሸራ በስሱ አምበር ይጀመር፤ ዘይት የበዛበት ወፍራም ቀለም ለመስከረም ይቆይ። ከታች ያለው ሳይደርቅ ከላይ ቶሎ የሚደርቅ ቢቀባበት በኋላ ይሰነጠቃል።

አክሪሊክ የሚጠቀሙ ወጣቶች ደግሞ ሌላ ነገር ይወቁ። አክሪሊክ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በደንብ አይያያዝም፤ ሲደርቅ ይፈረፈራል ወይም ይሰነጣጠቃል። በደሴ ሌሊት ክፍሉ ከዚያ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ በአክሪሊክ ረፋድ ላይ ሥሩ። ወረቀት ከግድግዳ ይራቅ፣ ከመሬት ከፍ ይበል። ሻጋታ የሚወደው የታፈነ እርጥብ አየር ነው፤ ላስቲክ ውስጥ ጠቅልሎ ማኖር ሻጋታውን መቀለብ ነው። አየር የሚዘዋወርበት መደርደሪያ ይሻላል።

ቆዳ ያለው ሁሉ ከእርጥበት ጋር ይረግባል። የመንዙማ ድቤ፣ የማኅሌት ከበሮ፣ የማሲንቆ ቆዳ በሐምሌ ድምፁ ይሞታል። አዋቂዎቹ በፍም አጠገብ አሙቀው ይወጥሩታል። ብራና ፋቂውም ቆዳውን የሚወጥረው ፀሐይ ሲኖር ነው፤ እርጥበት ብራናውን ያኮማትረዋል። የጽሑፍ ጥቁር ቀለሙ ግን ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተቀምሞ ወራት ሙሉ የሚብላላ ስለሆነ ክረምት አያስፈራውም። አንዱ ሥራ ሲቆም ሌላው ይቀጥላል፤ የጥንቱ ጸሐፊ ይህን ለይቶ ያውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ሕይወትን የሚነካ ቃል አለኝ። እጅ ሲደነዝዝ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ከዚያ አያስነሳም። አኳራጅ የሚባለው የቀለም ማቅጠኛ ያለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ እሳት ማስገባት ሌላ አደጋ ነው። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፣ መስኮት ይከፈት፣ አኳራጁ ተከድኖ ይራቅ። ከዚያ ይልቅ ጋቢና የእግር ሹራብ ይሻላል።

አባቶችና እናቶች ክረምትን እንዴት ሠሩበት?

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወቅት ሲከፍሉ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያደርጉታል። በቅዱስ ያሬድ ስም በሚጠራው ድጓ ውስጥ ክረምት የራሱ ዜማ አለው። ደመናው፣ ዝናቡ፣ ዘሩና ወንዙ በዚያ ይዘመራሉ። ሊቃውንቱ ወቅቱ እስኪያልፍ ዝም አላሉም፤ ወቅቱን የዜማ ርእስ አደረጉት።

የቅኔ ተማሪ ሌላው ምስክር ነው። ዋድላ በቅኔ ቤቱ ስሙ የተጠራ የወሎ ምድር ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ብቻውን ዞር ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል። ወረቀት የለም፣ የሚደርቅ ነገር የለም። ሥራው ሁሉ በራሱ ውስጥ ነው፤ በየቀኑም አንድ አዲስ ነገር ይዞ መቅረብ አለበት። ዝናቡ ዘነበ ብሎ መምህሩን ማረኝ አይልም። ለዛሬ ገጣሚ ከዚህ የሚበልጥ ሥርዓት አላውቅለትም።

በሙስሊሙ ወገን ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈርን አስቡ። ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ከታዘዘበት ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ በመጣው የመከራ ዘመን የኖሩ የወሎ ሊቅ ናቸው። አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ጽፈው መንዙማ ትተውልናል። ግጥማቸው በጽሑፍም በቃልም ተላለፈ። በቃል የተያዘ ግጥም እርጥበት አይነካውም፤ ከቤት ንብረት ሲፈናቀሉም አብሮ ይሄዳል።

በማሳው ላይስ? ደቦ ወጥቶ አረም ሲታረም አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። እዚያ የሚባለው ግጥም ብዙው እዚያው የተፈጠረ ነው፤ ስለ ጎረቤቱ ስንፍና፣ ስለ ባለ ማሳው ደግነት፣ ስለ ፍቅር። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በዚሁ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። ድምፃዊቷ ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ያዜመችው ከዚህ ሕዝብ ጆሮ ተነሥታ ነው። ወጣት ሙዚቀኞች ሆይ፤ የዘፈን ርእስ ጠፋብኝ ከማለት በፊት ፈቃድ ጠይቃችሁ አንድ ቀን ደቦ ላይ ዋሉ፣ አብራችሁም አርሙ፣ በስልካችሁም ቅረጹ።

እናቶቻችንም አሉ። ስፌት ሲሰፉ ያየ ሰው አክርማው ካልረጠበ እንደማይታዘዝ ያውቃል። ደረቅ አክርማ ይሰበራል፤ ወስፌው ሲወጋው ይሰነጠቃል። ለብራና ጠላት የሆነው እርጥበት ለስፌት ወዳጅ ነው። ሰንደዶው ደግሞ በመስከረም ተለቅሞ ለሚመጣው ዓመት ይቀመጣል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የልጆች ሥራ ነው። በዚህ አገር ከፍተኛው የሥዕል ወቅት መቼ እንደሆነ ብትጠይቁኝ ነሐሴና ጳጉሜን ናቸው እላለሁ። በየቤቱ ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባ፣ ፀሐይና መልአክ እየሣሉ ያከማቻሉ፤ በመስከረም 1 ማለዳ ለጎረቤትና ለዘመድ ያድላሉ፣ ሳንቲምም ይቀበላሉ። ማንም አስተማሪ አላዘዛቸውም፣ ማንም ክረምቱ ይውጣ አላላቸውም። የሚሠሩበት ወቅት፣ የሚጨርሱበት ቀንና የሚቀበላቸው ሰው ተለይቶ ስለሚታወቅ ይሠራሉ። አዋቂው የጥበብ ሰው የጎደለው ብዙ ጊዜ ተሰጥኦ ሳይሆን ይህ ነው።

በውርጭ አገር የኖሩት

ከዚህ የከፋ ክረምት ያዩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምሮ መጥቶ በ1957 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረተ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከሐረር ተነሥቶ በጀርመን ኮሎኝ ተማረ፤ ተመልሶም ሠዓሊም ገጣሚም ሆኖ ትውልድ አስተማረ። በስደት ሄዶ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ አረፈ። እስክንድር ቦጎሲያን በለንደንና በፓሪስ ከሠራ በኋላ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ዓመታት አስተምሯል። ወልድያ የተወለደው ታደሰ መስፍን ደግሞ በሶቪየት ዘመን ሌኒንግራድ ተማረ።

ሌኒንግራድ፣ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ በ60ኛው ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ ቀኑ ስድስት ሰዓት አይሞላም። እዚያ ጨለማው ደመና ብቻ አይደለም፤ ፀሐይዋ ራሷ ትሸሻለች። በእንዲህ ያለ አገር በየዓመቱ በክረምት ብቻ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት መኖሩን በ1984 እ.ኤ.አ. ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በጥናት ገልጸውታል። ከሕክምናዎቹ አንዱ በየማለዳው ለግማሽ ሰዓት ያህል 10,000 ሉክስ በሚሰጥ መብራት ፊት መቀመጥ ነው። በስደት ያሉ ልጆቻችሁ በጥር ስልክ ደውለው «ምንም መሥራት አቃተኝ» ቢሏችሁ ሰነፋችሁ አትበሏቸው። ማለዳ ደጅ እንዲወጡ፣ ካልተሻላቸውም ሐኪም እንዲያዩ ምከሯቸው።

ታደሰ መስፍን ከዚያ ተመልሶ የታወቀበት ሥራ ምንድን ነው? የገበያ ሴቶች ናቸው። ቆመውም ተቀምጠውም የሚሸጡ፣ ግርማ ያላቸው የኢትዮጵያ ከተሞች ሴቶች። በሩቅ አገር የተማረው የአሣሣል ሥርዓት የራሱን አገር ሰው ለማየት አገለገለው። የተማረበት አገር በረዶ ርእሱ አልሆነም፤ የእጁን ጥንካሬ ግን ከዚያ ይዞ መጣ።

የውጭዎቹም ሠዓሊዎች ከክረምት አልሸሹም። ክሎድ ሞኔ በ1895 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ተነሥቶ ኖርዌይ ድረስ ሄደ፤ በበረዶ መካከል ቆሞ ኮልሶስ የተባለ አንድ ተራራ ደጋግሞ ሣለ። እኛስ ጦሳ አለን አይደል? ጭጋግ ሲውጠውና ሲገልጠው በአንድ ቀን ስንት መልክ ይይዛል? ጃፓናዊው ሂሮሺጌ በ1857 እ.ኤ.አ. ድልድይ ላይ የወረደን ድንገተኛ ዝናብ በቀጭን ጥቁር መስመሮች ቀረጸ። ሥራው እጅግ ስለማረከው ቫን ጎህ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዘይት ቀለም ገለበጠው። ዝናብ ራሱ ርእስ ነው፤ የገራዶን ዝናብ የሣለውን እስኪ አሳዩኝ።

ያልዘነበው ክረምት

ይህን ሁሉ ስል ኑሮን ረስቼ አይደለም። ክረምት ለጥበብ ሰው የችግር ወራት ነው። ቱሪስት የለም፣ ሠርግ ይቀንሳል፣ እህል ይወደዳል፣ ጣሪያ ያፈሳል። በባዶ ሆድ ፍጠር ማለት ግፍ ነው። ቢሆንም ወሎ ውስጥ ስለ ከባድ ክረምት ሲነገር መታወስ ያለበት ነገር አለ። ይህን ምድር የፈጀው የዘነበው ክረምት አልነበረም፤ ያልዘነበው ነው። የ1965 እና 66፣ ከዚያም የ1977 ዓ.ም. ረኃብ በየቤታችሁ ስም አለው። ሠዓሊው እሸቱ ጥሩነህ የወሎን ረኃብ ተጎጂዎች ሥሎ ለታሪክ አስቀምጧል። እዚህ አገር ቆርቆሮ ላይ የሚያንባርቅ ዝናብ ሥራ አላሠራኝም ብሎ ማማረር ለዚህ ነው የሚከብደኝ።

ለኑሮው የምመክረው ቀላል ነው። ትልቁን ሸራ ለበጋ ትታችሁ በክረምት ትንንሽ ሥራ ሥሩ፤ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ቦታም አይፈጅም። ትምህርት የተዘጋባቸውን ልጆች አስተምሩ፤ ወላጅ የሚከፍለው ጥቂት ብር ቀለም ይገዛል። ብቻችሁን አትቀመጡ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ በአንድ ሰፊ ክፍል ብትሠሩ መብራቱም ከሰሉም ቡናውም ይጋራል። በዚህ አገር አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ድረስ የሚወራው ወሬ ራሱ ስንት ድርሰት ይወጣዋል።

የወራቱ ዕቅድ

የምሰናበታችሁ ሊቃውንቱ ክረምትን የከፈሉበትን አቆጣጠር የሥራ ሰሌዳ አድርጌላችሁ ነው።

ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 ያለው ዘርዐ ደመና ነው። የመሰብሰቢያ ጊዜ ይሁን። በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ደጅ ወጥታችሁ በእርሳስ ንድፍ ያዙ፣ ቃላትና ዜማ ቅረጹ። ጣሪያችሁን ጠግኑ፣ ወረቀታችሁን ከፍ አድርጉ። የሚያምር ነገር ለመሥራት አትጨነቁ፤ ብዛት ይበቃል።

ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 የመብረቅና የነጎድጓድ ወቅት ነው። ዝናቡ የሚከብድበት፣ ወንዝ የሚሞላበት ነው። ቤት ውስጥ በቀለምና በብዕር ትንንሽ ሙከራ አድርጉ። ገጣሚው እንደ ቅኔ ተማሪ በቀን አንዲት ግጥም ይቁጠር፤ ማታም ለአንድ ሰው ይንገር።

ከነሐሴ 10 እስከ 27 ከተሰበሰበው ውስጥ ምረጡ። ከብዙ ንድፍ ሦስቱን፣ ከብዙ ግጥም አምስቱን ለዩ። የተመረጠውን አስፉት፣ የሸራውን የመጀመሪያ ስስ ቀለም ቀቡ። በዚህ መካከል ቡሄ ይመጣል፤ በሰሜኑ በኩል ደግሞ ሻደይ፣ አሸንድዬና ሶለል የሚጨፈርበት ሰሞን ነው። ሄዳችሁ እዩ፣ ስሙ።

ከነሐሴ 28 እስከ ጳጉሜን 5 ንጋት የሚመስል ጊዜ ነው። ፀሐይ ገለጥ ስትል ሸራውን ወደ ብርሃን አውጡ፣ የከበሮውን ቆዳ ወጥሩ፣ ግጥሙን በንጹሕ ወረቀት ገልብጡ። የሚጨረሰው በመስከረም ይጨረሳል።

ለወላጆችና ለቀበሌ ሹማምንት አንድ ጥያቄ አለኝ። ትምህርት ቤቶች በክረምት ባዶ ክፍል አላቸው። አንዱ ክፍል ከነሐሴ ጀምሮ ለልጆችና ለወጣት ሠዓሊዎች ይከፈት፤ በመስከረም 1 ማግሥት ደግሞ የተሠራው ሁሉ በዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሕዝብ ይየው። ወጪው ጥቂት ወረቀትና ከለር ነው። እናንተ አርቲስቶች ደግሞ ከዛሬ ማታ ጀምሩ፤ ክረምቱን ለሥራ የምትፈልጉት ከሆነ ወሩ ሐምሌ መሆኑ ሰበብ አይሆንም።